እጅሽን አውርጂ

እኔና እሱ የተዋወቅነው በሰው ጥርስ ተጣልተን ነው።

የጥርስ ክሊኒክ ረዳት ነኝ። መብራቱን የማስተካክለው፣ ምራቅ መሳቢያውን የምይዘው፣ «አይዞዎት፣ አያምም» የምለው እኔ ነኝ። ያን ቀን አንድ አዛውንት የተሠራላቸውን ጥርስ ሊያስገጥሙ መጡ። ከላይ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ጥርስ ጎድሏቸዋል። የግራው ድድ ገና ስላልዳነ ለጊዜው የታዘዘላቸው የቀኙ ብቻ ነበር። አለቃዬ ዶክተሯ ሳጥኑን ሲከፍቱ የመጣው የግራው ሆኖ ተገኘ።

ዶክተሯ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። የእኔ ደም ግን ፈላ። ሳጥኑን አፈፍ አድርጌ፣ ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ መንገዱን ተሻገርኩና ጥርስ ሠሪው ወርክሾፕ ዘው አልኩ።

ምሳውን እየበላ ነበር። ከፀጉሩ እስከ ቅንድቡ በጀሶ ብናኝ ነጭ ሆኗል። ሳጥኑን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እንደጎረሰ ከፍቶ አየው። «የአዛውንቱ ጥርስ ነው። የላይኛው፣ የግራ።»

«የታዘዘው የቀኙ ነው!»

«በስልክ ግራ ነው የተባልኩት።»

«ማን ነው ያለህ?»

«አንቺ ነሻ። ድምፅሽ እንዴት ይረሳል? ስትናገሪ'ኮ ስልኩ ይሞቃል።»

ክው አልኩ። የደወልኩት አዛውንቱ ፊት ለፊቴ አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠው ሳለ ነው። የሚሠራው በእኔ በኩል ግራ፣ በእሳቸው በኩል ቀኝ ነበር። ግራና ቀኝ የታካሚው እንጂ የኛ እንዳልሆነ ሥራ የጀመርን ሰሞን ነው የሚነገረን። እኔ ግን ነገር ዞሮ ሲቀርብልኝ ጭንቅላቴ አብሮ አይዞርም፤ ድሮም እንዲሁ ነኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ይል ነበር።

«የአፋቸው ልክ'ኮ እጅህ ላይ ነበር! የግራው ድድ እንዳልዳነ ዓይንህ አያይም?»

ትን አለው። ሳለ፣ ውሃ ጠጣ፣ እንባውን ጠረገና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ተቀመጪና ብዪ። የራበው ሰው ጩኸት ያስታውቃል።»

እስቲ ፍረዱኝ፤ እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ተደርጎ ይጣላል? ተቀመጥኩ። በላሁ። የቀኙን ጥርስ በማግስቱ ራሱ ይዞ መጣ።

ከዚያ ወዲህ የተሠራ ጥርስ ለማምጣት ዘበኛውን መላክ ትቼ ራሴ መሄድ ጀመርኩ። እኔ «ጀሶ» እለዋለሁ፣ እሱ «እልኸኛዋ» ይለኛል። አንድ ቀን ሰም እያቀለጠ ሳለ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት።

«ጥርስ ሐኪም ልሆን ነው።»

እንደሌላው ሰው አልሳቀም። «መቼ?» አለኝ።

«የመግቢያ ፈተናውን ካለፍኩ። ባዮሎጂው፣ ኬሚስትሪው፣ ንባቡ፣ ሒሳቡ አያስፈራኝም። አንድ ክፍል ብቻ አለ... የቅርጽ የሚሉት። ወረቀት አጣጥፈው ይበሱና ሲዘረጋ ቀዳዳው የት የት ይሆናል ይሉሃል። አንድ ነገር ይስሉና ከጀርባው ምን ይመስላል ይሉሃል። እኔ ሥዕሉን ሳየው ሥዕል ነው። አይዞርልኝም።»

ከጠረጴዛው አንድ የተሠራ መንጋጋ ጥርስ አንስቶ መዳፌ ላይ አኖረው። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ጉድጓዱ በየት በኩል ነው?»

ጣቶቼ ዞር ዞር አደረጉት። «በአውራ ጣቴ በኩል።»

«ድዱ ላይ የሚያርፈው በኩልስ?»

«ከታች... ወደ ውስጥ ሰረጎድ ያለው ጋ።»

«ይዞርልሻል» አለኝ። «በዓይንሽ ሳይሆን በእጅሽ ነው የሚዞርልሽ።»

በሳምንቱ በልምምድ መጽሐፌ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያየ በጀሶ ሠርቶ ጠበቀኝ። ጥጉ የተቆረጠ ኩብ፣ ደረጃ የሚመስል፣ መሐሉ የተቦረቦረ... ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ እሱ ጥርስ ይሞርዳል፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሥዕሉን እያየሁ ጀሶውን አዞራለሁ። እየዋለ እያደረ ጀሶውም ቀረ። ጣቶቼን ባዶ አየር ላይ ሳዞር ሥዕሉ ጭንቅላቴ ውስጥ አብሮ መዞር ጀመረ።

«እጅሽ ያስባል» አለኝ።

ስለ ዓይኔ የተናገሩ ሞልተዋል። ስለ እጄ የተናገረኝ ሰው አልነበረም። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«ጀሶ ነክቶሻል» አለኝ ደግሞ ቀጥሎ።

«የት ጋ?»

«ጉንጭሽ ላይ።»

«ጥረገዋ።»

ሊጠርግ ሲል ጭራሽ አነጣው፤ የእሱ እጅ ራሱ ጀሶ በጀሶ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቃችንን አቆምን። እጁን ግን ከጉንጬ ላይ አላነሳም።

የፈተናው ቀን ሌላው ክፍል እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ። የቅርጹ ደረሰ። የመጀመሪያውን ሥዕል አየሁ፣ ጣቶቼን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጌ ማዞር ጀመርኩ። ፈታኟ ከኋላዬ መጣች።

«አንቺ! እጅሽን አውርጂ።»

«እያሰብኩ ነው...»

«በእጅ ነው እንዴ የሚታሰበው? ለማን ነው የምትጠቁሚው? ሁለተኛ ባይ ከዚህ አስወጣሻለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ፣ በሰው ጥርስ ሰው ምሳ ላይ የጮህኩት ሴትዮ፣ እጆቼን ከጭኖቼ ሥር ቀብሬ ተቀመጥኩ። ሥዕሎቹ ሥዕል ሆነው ቀሩ። አልዞር አሉኝ። ሰዓቱ ሲያልቅ እንደመጣልኝ አጥቁሬ ወጣሁ።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ዶክተሯ አጠገቤ ቆመው አብረውኝ አዩት። ሌላው ሁሉ ያኮራል። የቅርጹ ወለል ላይ ተነጥፏል።

«እንግዲህ» አሉኝ፤ መነጽራቸውን አወለቁ። «የትምህርት ቤቱ ነገር እንዲህ ነው። አንዳንዱ ድምሩን አይቶ፣ ሰውየውን ጠርቶ አናግሮ ይወስናል። አንዳንዱ ደግሞ ለየክፍሉ ዝቅተኛ ነጥብ አለው፤ አንዷ ከዚያ ከወረደች የሌላው ሰማይ መንካት አያድንሽም። እዚህ ያለው ትልቁ ኮሌጅ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ግን የተቀረው ውጤት ካማረ አንዳንዴ ጠርቶ ያናግራል። ሞክሪው።»

«ፈተናውን ብደግመውስ?»

«የሚያዝልሽ የኋለኛው ውጤት ነው። የቅርጹ ሲወጣ ሌላው ቢወርድብሽስ? በእጅሽ ያለውን ታጪዋለሽ። አስቢበት።»

ማታ ለጀሶ ስነግረው መሞረጃውን አስቀመጠ። ፊቱ ከጀሶው ይልቅ ነጣ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ።»

«አንተ ምን አደረግህ?»

«በጀሶ አስለመድኩሽ። እንደ ሰው በወረቀት ተለማምደሽ ቢሆን እጅሽን አታነሺም ነበር።»

«ተወው» አልኩት። የተወው መስሎኝ ነበር።

ትልቁ ኮሌጅ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። እህቴ ጫማዋን አዋሰችኝ፤ እግሬን እየቆረጠመኝ ገባሁ። ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ያሉት ሽበታም ሰውዬ ፈገግ አሉልኝ።

«ውጤትሽ መልካም ነው። ይቺ አንዷ ክፍል ብቻ... ለነገሩ እጮኛሽ መጥቶ ሁሉንም አስረድቶናል።»

«እጮኛ የለኝም።»

«ያ ልብሱ ላይ ጀሶ ያለበት ልጅ። በራችን ላይ ነው የዋለው። ‹ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኳት፣ እሷን አትቅጧት› እያለ አንጀታችንን በላው።»

ደግ ነገር የነገሩኝ መስሏቸዋል። ስንት ዓመት መብራት ይዤ የሰው አፍ ሳይ ኖሬ፣ ሌሊት ተነስቼ አጥንቼ፣ እዚህ ጠረጴዛ ፊት የደረስኩት እኔ አይደለሁም ማለት ነው። የደረሰው የእሱ ልመና ነው። መጀመሪያ ሆድ ባሰኝ፤ ከዚያ እልህ ያዘኝ።

«እኔ አልላክሁትም» አልኩ። «ቁጥሩ የኔ ነው። የወጣውም የወረደውም የኔ ነው፤ ማንም አላሳሳተኝም። ሳስብ እጄ ይንቀሳቀሳል። ፈታኟ እጅሽን አውርጂ አለችኝ፣ አወረድኩ፣ ሐሳቤም አብሮ ወረደ። በሰው አፍ ውስጥ የሚሠራው ግን በእጅ ነው። ሰም ካላችሁ አሁን የፈለጋችሁትን ጥርስ ልቅረጽላችሁ።»

«እዚህ ሰም የለም» አለች በስተቀኝ የተቀመጠችው ሴት። ክፋት አልነበረባትም፤ ሥራዋን ነው የምትሠራው። «እዚህ ያለው ዝቅተኛ ነጥብ ነው። ለአንቺ ብለን ዝቅ ብናደርገው ነገ ደግሞ ለሌላ ሰው ዝቅ ልናደርገው ነው።»

«ዝቅ እንድታደርጉልኝ አልመጣሁም። ልለምናችሁም፣ እንድታዝኑልኝም አልመጣሁም። ነጥቡ ላይ ራሴ እደርሳለሁ።»

አልተቀበሉኝም። ከነጫማው እየተቆረጠምኩ በቀጥታ ወርክሾፑ ሄድኩ።

«ማን ለምንልኝ አለህ?»

ከመቀመጫው ተነሳ። «ነገሩሽ?»

«እጮኛሽ አሉኝ! በር ላይ ቆሞ ዋለ አሉኝ!»

«ልረዳሽ ብዬ ነው።»

«ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ እሺ አትዪም።»

«ለዚህ'ኮ ነው ሰው የሚጠየቀው! እሺ ላይል ስለሚችል ነው የሚጠየቀው!»

ዓይኑን ጀሶው ላይ ተከለ። እኔ ግን መቼ ዝም እላለሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ስትላቸው ምን እንዳልካቸው ታውቃለህ? እሷ ራሷ ምንም አይደለችም፣ እኔ ሠራኋት፣ እኔው አበላሸኋት ነው ያልካቸው። እኔ በእጅህ የምትሠራኝ ጥርስ አይደለሁም።»

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም...» አለ። «እወድሻለሁ።»

እስከዚያ ቀን አፍ አውጥቶ ብሎኝ አያውቅም። ስንት ጊዜ ይላል ብዬ ጠብቄው፣ በዚያች ሰዓት ይለዋል!

«የሚወደኝ ሰው አይለምንብኝም» አልኩት። «ሁለተኛ እንዳትመጣ።»

በሩን ወርውሬ ወጣሁ። መንገዱን ሳልሻገር እንባዬ ቀደመኝ።

እሱም አልመጣ። የተሠራ ጥርስ የሚያመላልሰው እንደ ድሮው ዘበኛው ሆነ። አንድ ቀን ዶክተሯ ጓንታቸውን እያወለቁ ጠየቁኝ።

«ከዚያ ከወርክሾፑ ልጅ ጋር ምን ሆናችሁ? በስልክ ሳናግረው ሰው የሞተበት ይመስላል።»

«ሞቶበት ነዋ» አልኳቸው።

አየት አደረጉኝና ተዉኝ። ውስጤ ግን ሞቶ አልነበረም። ወርክሾፑ ፊት ለፊት ስለሆነ የመሞረጃው ሞተር ድምፅ ይሰማኛል። ሲጠፋ «ምሳ ሊበላ ነው» እላለሁ። ሲነሳ «በላ» እላለሁ። ናፍቆኝ ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም እንጂ በጣም ናፍቆኝ ነበር።

ታላቅ እህቴ ጫማዋን ስመልስላት ምክሯን አብራ ሰጠችኝ።

«አርፈሽ ሥራሽን ያዢ የኔ እህት። ረዳት መሆን ምን ነውር አለው?»

«ምንም ነውር የለውም። እኔ ግን መሰርሰሪያውን መያዝ ነው የምፈልገው።»

«ለምን ግን? ለምን ጥርስ?»

ሰው ሁሉ ይሄን ይጠይቀኛል። የሚያስለቅስ ታሪክ እንድነግረው ይጠብቃል። የለኝም። ጥርስ ደስ ይለኛል። የተበላው ተጠርጎ፣ ተሞልቶ፣ ሰውየው አፉን ገጥሞ «እህ!» ሲል ደስ ይለኛል። ያንን ያደረገው የእኔ እጅ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሰው ነገር ለመፈለግ የግድ መሰቃየት አለበት እንዴ?

ፈተናውን ለመድገም ተመዘገብኩ። ከዚያ በፊት ግን ፈተና ድርጅቱ ቢሮ ሄጄ መስኮቱን አንኳኳሁ።

«ፈተና ላይ እጅ ማንቀሳቀስ ይከለከላል?»

ጸሐፊው ቀና አለ። «እንዴት ያለ ማንቀሳቀስ?»

አሳየሁት። ባልደረባውን ጠራ። እሷም ሌላ ጠራች። ሦስቱም መስኮቱ ላይ ተደርድረው ጣቶቼን አዩ፣ ደንቡን ገለበጡ፣ እርስ በርስ ተያዩ።

«ደንቡ ውስጥ የለም» አለኝ።

«እንግዲያው አይከለከልም?»

«የለም ነው ያልኩሽ።»

«የለም ማለት አይከለከልም ማለት ነው?»

«...እሺ። አይከለከልም።»

በፈተናው ቀን ስገባ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ያቺኑ ፈታኝ። የቅርጹ ክፍል ደረሰ፤ ጣቶቼን አነሳሁ። ጫማዋ ቀጭ ቀጭ እያለ መጣ።

«እጅሽን አውርጂ።»

ከዚህ ቢያስወጡኝ ያለኝንም ጥሩ ውጤት አጥቼ ነው የምወጣው። ኮሌጁም፣ መሰርሰሪያውም፣ ሁሉም እዚያች ወንበር ላይ ያልቃል። ቀና ብዬ አየኋት።

«አላወርድም።»

«ምን አልሽ?»

«እመቤቴ፣ ደንቡ ውስጥ የለም። ቢሯችሁ ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ ይደውሉላቸው። እጠቁማለሁ ብለው ከሰጉ ማንም በማያየኝ ቦታ ያስቀምጡኝ። እጄን ግን አላወርድም።»

ወጥታ ደወለች። ተመልሳ መጣች፤ ወንበሬን አዞረችና ከግድግዳው ጋር አፋጠጠችኝ። በጄ! ለግድግዳ ምን ይጠቆማል? እጆቼን አነሳሁ። የመጀመሪያው ሥዕል ዞረልኝ። ሁለተኛውም ዞረ። ያቃተኝም ነበር፤ ግን ያቃተኝ በራሴ ነው።

ውጤቱ እንደ ተረት አልሆነም። ዶክተሯ እንደፈሩት ኬሚስትሪው ትንሽ ወረደ። የቅርጹም ሰማይ አልነካ፤ ከዝቅተኛው ነጥብ ብቅ ብሎ ቆመ። ትልቁ ኮሌጅ ለዚያ ዓመት ምዝገባውን ዘግቷል፤ እኔም አላንኳኳሁም። ሌላ ከተማ ላለው፣ ድምሩንና ሰውየውን ለሚያየው ኮሌጅ ማመልከቻ ላክሁ። እነሱም ጠሩኝ።

«የመጀመሪያው ፈተና ላይ ይሄ ክፍል ለምን ወረደ?» አሉኝ።

«እጅሽን አውርጂ ተባልኩ። አወረድኩ።»

«በሁለተኛውስ?»

«አላወረድኩም።»

ተያዩ። ከዚያ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ታካሚዎች፣ ሕክምና ስለሚፈሩ ሰዎች ጠየቁኝ፤ ጣቶቼን እያወናጨፍኩ ስመልስ ማንም አልከለከለኝም። ተቀበሉኝ።

ዶክተሯ ምሥጢር አይችሉም። እኔ ለእህቴ ደውዬ ሳልጨርስ ታካሚው፣ ዘበኛው፣ የጎረቤት ፋርማሲው ሁሉ ሰምቷል።

በማግስቱ ጠዋት «ቀጣይ!» ብዬ ወደ መጠበቂያው ክፍል ብቅ ስል፣ ተራው የደረሰው ሰው ተነሳ። ጀሶ ነበር። ታጥቧል፤ ፀጉሩ ጥቁር መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት። ከሽማግሌዎቹና ከሕፃናቱ ጋር ተራ ይዞ ተቀምጦ ኖሯል።

«ጥርስህን አሞህ ነው?» አልኩት፤ ድምፄን ላኮሳትር እየሞከርኩ።

«አይ። ልጠይቅሽ ነው።»

«ጠይቅ።»

ቆቡን በእጁ ያሻል። «ኮሌጁ ያለበት ከተማ ጥርስ ሠሪ የሚፈልጉ ክሊኒኮች አሉ ይባላል። ማንንም አላናገርኩም። ማንንም አልለመንኩም። አንቺን ሳልጠይቅ አንዲት ነገር አላደረግኩም።» ትንፋሹን ሳበ። «ልምጣ?»

የመጠበቂያው ክፍል ሰው በሙሉ፣ ጉንጩ ያበጠውም ጭምር፣ ወደ እኔ ዞረ።

«እምቢ ብልህስ?»

«እመለሳለሁ። ወርክሾፔ እገባለሁ። መውደዴን ግን አልተውም፤ እሱን መከልከል አትችዪም።»

«እዚያ ሄደን አንድ ፈተና ብወድቅስ? መምህሩ በር ላይ ልትቆም ነው?»

«አንቺ ትቆሚያለሽ» አለ። «እኔ ምሳ ይዤልሽ እመጣለሁ። ምሳ ላምጣ ወይ ብዬ ጠይቄ።»

አልሳቅም ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ አልሆነልኝም። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ሳቄም መጣ፣ ሁለቱም ባንዴ። ያ ሁሉ የታመቀ ናፍቆት ባንዴ ወጣብኝ።

«ና» አልኩት። «አብረን እንሂድ።»

ቆቡ ከእጁ ወደቀ። አላነሳውም፤ እኔን ነው ያቀፈው፣ ሰው ሁሉ እያየ።

ዶክተሯ ከውስጥ ተጣሩ። «ማነው ቀጣይ? ይግባ እንጂ!»

«ይቆዩ ዶክተር» አልኳቸው። «ይሄ የኔ ነው።»